የተገነዘው ጌታ ክዳን

ፌርሚንን የሰደበው መስታወት ቆራጩ ቴዮፊሎ ነው። የሰደበውም በፌርሚን በራሱ አማት ለቅሶ ላይ፣ ከማኒላ ራቅ ባለችው ከተማቸው ሐይቁ ሞልቶ እስከ ገበያው ደረጃ በወጣበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሬሳው ገና ሳሎን ተኝቷል። ውጭ ድንኳን ስር ለቀስተኛው ካርታ ይጫወታል፣ ብስኩትና የዝንጅብል ሻይ ይዞራል። አንድ የሩቅ ዘመድ ከሳሎን ሲወጣ፣ «የሬሳ ሣጥኑ መስኮት ፕላስቲክ ነው መስታወት?» ብሎ ጠየቀ።

ቴዮፊሎ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ፣ «መስታወት ነዋ! ፕላስቲክማ ቢሆን ፌርሚን በነፃ ይሠራላቸው ነበር» አለ። «ግን እሱ የሚችለው የፓንሲት ፓስታ መክደኛ ነው። እሳት ላይ ይዞ ሲልፈሰፈስ ማጠፍ! ይሄ ምን ሙያ አለው? ሚስቴም በየቀኑ ዓሣ ታገላብጣለች፤ ባለሙያ ብዬ ጠርቻት አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። በለቅሶ ቤት ተሳቀ። መጀመሪያ የሳቀው የበረዶ ፋብሪካው ዘበኛ ነው፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ የሳቀው ደግሞ የፌርሚን የገዛ የአጎት ልጅ ነው። የፌርሚን ሚስት ሉዲንግ የሻይ ሰታቴውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አባቷ ከጀርባዋ ተኝቶ ይህን ሰማች። ቴዮፊሎ አረንጓዴ የቅርጫት ኳስ ካናቴራ ለብሶ እንደነበር ፌርሚን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። በልጅነቱ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀመጠችውን አስተማሪ፣ በሠርጉ ቀን እጁን ሳይጨብጠው ያለፈውን የሚስቱን አጎት፣ ሁሉንም ከነልብሳቸው ያውቃቸዋል።

ስለ ሙያው የተባለው ግን ከሁሉም ባሰበት። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። ፌርሚን የፓንሲት መክደኛ ሠርቷል። የዳቦ ቤት መደርደሪያ፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ፣ የጂፕኒ ታክሲ የጎን መስኮት፣ የሞተር ብስክሌት የንፋስ መከላከያ፤ አክሪሊክ የሚባለውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ አሙቆ የማያጥፈው ነገር የለም። ወርክሾፑ ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ከአሮጌ ማቀዝቀዣ ብረት ራሱ የበየደው፣ አልጋ የሚያክል የጋዝ ምድጃ አለው። ማንም መጥቶ አይቶለት አያውቅም። ዕቃውን ይወስዱና ይሄዳሉ።

አሊንግ፣ ማለትም እትዬ፣ ኮንሲንግ እስኪመጡ ድረስ።

የከተማው የተገነዘው ጌታ ምስል፣ ተገንዞ የተኛው የክርስቶስ ሐውልት፣ ያለው በእሳቸው ቤት ነው። ከባላቸው አያት ጀምሮ ቤተሰቡ ነው የሚጠብቀው፤ ዓመቱን ሙሉ በሳሎናቸው ይተኛል፣ ስቅለት ዓርብ በጋሪው ላይ ሆኖ በአበባ ተከቦ ከተማውን ይዞራል። በላዩ ላይ እንደ ጀልባ ጣሪያ የጎበጠ መስታወት ነበረው። በጾሙ መግቢያ ላይ የጋሪውን ጎማ ግራሶ ሊቀቡ ከመጋዘን ሲያወጡት የበሩ መቃን መስታወቱን መታውና ደቀቀ። አሊንግ ኮንሲንግ በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ቴዮፊሎ ነው። ቴዮፊሎ ጠፍጣፋ መስታወት እንጂ ጎባጣ የሚሠራ ሰው በዚህ ሐይቅ ዙሪያ እንደሌለ ነገራቸውና አራት ጠፍጣፋ መስታወት አጋጥሞ ሊሠራላቸው ሐሳብ አቀረበ።

«እንደ ዓሣ ገንዳ?» አሉት።

«እንደዚያ በሉት፣ ምን ችግር አለው?»

«ጌታን በዓሣ ገንዳ አላስተኛውም!»

ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ፌርሚን ዘንድ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ምድጃውን አዩት። በእጃቸው ዳሰሱት። ፕላስቲኩ የሚቀረጽባቸውን የእንጨት ፎርማዎች አንድ በአንድ እያነሱ ይሄ የምንድን ነው፣ ያ የምንድን ነው አሉ። የዳቦ ቤቱን መደርደሪያ እሱ እንደሠራው ሲሰሙ፣ «እኔ እኮ ሁልጊዜ ዳቦው ሳይሆን እሱ ነው ደስ የሚለኝ» አሉ። ፌርሚን ሸሚዙን የት እንዳስቀመጠ ጠፋበት፤ በካናቴራ ሆኖ ነበር ያናገራቸው።

«ልጄ፣ ታጥፍልኛለህ?»

«አጥፋለሁ፣ አሊንግ ኮንሲንግ።»

ማመስገን የነበረበት ያን ቀን ነው። ግን በሳምንቱ ሁለት ሉህ አክሪሊክ አስጭነው ላኩ። ሁለት! ፌርሚን የጠየቀው አንድ ነበር። ሉሆቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያያቸው ደሙ ፈላ።

«አየሽ?» አላት ሉዲንግን። «እንደማበላሽ ገና ሳልጀምር ያውቃሉ።»

«ምናልባት አንዱ ቢሰበር ብለው ይሆናል።»

«እኔ ዘንድ ነው የሚሰበረው? ቴዮፊሎን ቢያዙ ሁለት ይገዙ ነበር?»

ሉዲንግ ዓሣዋን ማጽዳት ቀጠለች።

ሁለተኛውን ሉህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከነወረቀቱ፣ በጆንያ ሸፍኖ አስቀመጠው። በአንደኛው ሥራውን ጀመረ። አናጢ ቀጥሮ የጎበጠ ፎርማ አሠራ፤ ላዩን በለስላሳ የፍላኔል ጨርቅ አለበሰው፣ እንጨቱ እንዳይታተምበት። ከቢኮል ክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ረዳቶች ነበሩት። የሕማማት ሰኞ ጠዋት ሉሁን ምድጃ ውስጥ አስገቡ። ፌርሚን ቴርሞሜትር አያምንም፤ በቀጭን ዱላ ጠርዙን ቀና ያደርገዋል። ጠርዙ ደርቆ ቀጥ ካለ ገና ነው። እንደ እርጥብ ቆዳ ለሽ ብሎ ከወደቀ ደርሷል። ሲደርስ ከሚስቱና ከወንድማማቾቹ ጋር በጓንት በአራት ጥግ ይዘው አወጡት፣ በፎርማው ላይ አለበሱት፣ ጠርዙን በጨርቅ ወደ ታች እየሳቡ ያዙት። አንድ መጨማደድ የለም። አንድ አረፋ የለም።

አሊንግ ኮንሲንግ በምሳ ሰዓት ምስሉን የሚያጥቡትን ሴቶች ይዘው ሊያዩ እንደሚመጡ ልከው ነበር። ፌርሚን ተጣደፈ። ሁለት ቬንትሌተር አምጥቶ ከግራና ከቀኝ አዞረበት። ሴቶቹ ሲደርሱ ክዳኑ ቀዝቅዞ፣ ተወልውሎ፣ በፀሐይ ውስጥ ቆሞ ነበር። አንዷ አማተበች። አንዷ አለቀሰች። አሊንግ ኮንሲንግ የፌርሚንን እጅ ይዘው ቆዩ። ወንድማማቾቹ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ለበዓሉ ወደ አገራቸው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ምስሉ ታጥቦ ለዓርብ የሚዘጋጅበት ቀን ነው። ፌርሚን ክዳኑን ራሱ ሊገጥም በአሊንግ ኮንሲንግ ግቢ ተገኘ። ገጥሞ ጨረሰ። የዝንጅብል ሻይ ሰጡት። ሴቶቹ በሥርዓቱ መሠረት መሐረባቸውን አወጡ፣ ከጠርሙስ ሽቶ አፈሰሱበት፣ ጌታን ሊያብሱ። ፌርሚን ይህን ሥርዓት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እናቱ አቅፋ ከፍ ታደርገውና በሽቶ የራሰ መሐረብ ታስይዘዋለች፣ እሱም የምስሉን እግር ይጠርጋል። ለሱ ሕማማት ማለት ያ የሽቶ ሽታ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ሽቶ ግማሹ አልኮል እንደሆነ እያወቀ፣ አክሪሊክ አልኮል እንደማይወድ ከማንም በላይ እያወቀ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አስቧቸው አያውቅም። የፓንሲት መክደኛን ማን ሽቶ ይቀባዋል?

አንዲት ሴት የክዳኑን ጎን በፍቅር፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያጉረመረመች እየጸለየች አበሰች።

ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። በጉብታው ትከሻ ላይ፣ ሉሁ በጣም በታጠፈበት ቦታ፣ ፀጉር የመሳሰሉ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። ሴትየዋ እጇን አነሳች።

«ላብ ነው!» አለች ሌላዋ። «ጌታ አላበው!»

«ላብ አይደለም» አለ ፌርሚን። ትኩስ ነገር በጥድፊያ ከቀዘቀዘ ውስጡ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ላዩ ሲያዩት ሰላም ነው፣ አልኮል ሲነካው ግን ውጥረቱ ይፈነዳል። ሁለቱ ቬንትሌተሮች ናቸው የሰነጠቁት። የሴትየዋ መሐረብ ያሳየው ብቻ ነው።

ከግቢው ወጥቶ የማንጎ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ዓርብ ጌታ ያለ ክዳን ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም። ከአያቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም፤ በጦርነቱ ጊዜ እንኳን ወጥቷል ይባላል። ዘንድሮ ቢቀር በፌርሚን ምክንያት ቀረ ሊባል ነው። አሁን የሚያስበው ስለ ሰው አፍ ነበር። ማን መጀመሪያ እንደሚስቅ፣ ማን አፉን እንደሚሸፍን።

አሊንግ ኮንሲንግ በጃንጥላቸው እየተመረኮዙ መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«ሁለተኛው አለ አይደል?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?»

ፌርሚን ቀና ሳይል፣ «እንደማበላሽ ያወቁት ከመጀመሪያው ነው፣ አሊንግ» አለ። ወጣለት። «ለዚህ ነው ሁለት የገዙት።»

አሮጊቷ እንደ መሳቅ አሉ። «እኔ ስምንት ወልጄያለሁ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳደግኩት እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በሁለተኛው ነው እናትነት የገባኝ። ለአንተም ሁለተኛ ይኑርህ ብዬ ነው፣ ሞኝ! ከማኒላ ሉህ አስመጥቼ የማላምነውን ሰው ላሠራ? ተነሥ።»

ፌርሚን ተነሣ። አመሰግናለሁ ማለት ፈልጎ፣ «ቅርጹ እዚያው አለ፣ ፎርማው አልተነካም» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ግን ሌላው ነገር ገባው። ሰው የለም። ወንድማማቾቹ ቢኮል ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ የሕማማቱን ንባብ በተራ እያዜመ ነው፤ ንባቡ ከሚካሄድበት ድንኳን የሚወጣው የድምፅ ማጉያ ጩኸት እስከ ወርክሾፑ ይሰማል። አንድ ሉህ ለማንሳት አራት ሰው ያስፈልጋል፤ እሱና ሉዲንግ ሁለት ናቸው።

ሉዲንግ ጫማዋን አደረገች።

«ወዴት ነሽ?»

«ቴዮፊሎን ልጠራ።»

«ሉዲንግ!»

«ከባድ ነገር አንስቶ ሳይሰብር የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው ታውቃለህ? ሰውየው የታወቀ ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«በአባትሽ ለቅሶ ላይ ያለውን ረሳሽው?»

«የኔ አባት ነበር» አለች ሉዲንግ። «እኔ ይቅር ብዬ ጨርሻለሁ። አንተ ግን እንደ ልጅ ታዝለዋለህ። ለመሆኑ ዓርብ ቂምህን ምን ታደርገዋለህ፣ ክዳን አድርገህ ለጌታ ታለብሰዋለህ?»

ወጥታ ሄደች።

ከረቡዕ ማታ እስከ ሐሙስ ጠዋት ሉሁ በዝቅተኛ እሳት ሲደርቅ አደረ፤ ከሐይቁ እርጥበት የጠጣ አክሪሊክ በቀጥታ ከጋለ ውስጡ አረፋ ይቋጥራል። ከሰዓት በኋላ ቴዮፊሎ በሞተር ጋሪ መጣ። መስታወት ሲያጓጉዝ የሚሸፍንበትን ወፍራም ብርድ ልብስ ሁሉ ቆልሎ ነው የመጣው። ሸብቷል። ሆዱ ወጥቷል። ፌርሚን ሰላም ሊለው አፉን ሲከፍት እሱ ቀደመው።

«ፓሬ ወዳጄ፣ ይሄ ነው ምድጃህ? እኔ ደግሞ አሳማ የምትጠብስበት መስሎኝ ነበር።»

«ጾም ነው» አለ ፌርሚን። «አሳማው አንተ ነህ።»

«ወይ ጉድ፣ ይናገራል!» ቴዮፊሎ ወደ ሉዲንግ ዞረ። «ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ድምፁን ሳልሰማው ኖርኩ፣ ዲዳ ነው እያልኩ።»

«ብርድ ልብሱ ለምንድን ነው?» አለ ፌርሚን።

«ሚስትህ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ትፈልጋለህ አለችኝ። ምን አለህ አንተ፣ አንሶላ? በአንሶላ ሕፃን አይሸፈንም።»

ሦስት ሆኑ። አራተኛ እንፈልጋለን ሲሉ አሊንግ ኮንሲንግ ከበሩ ላይ፣ «እኔ አለሁ» አሉ። የወጥ ቤት የእጅ ጓንታቸውን፣ አበባ የተጠለፈበትን፣ ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝም በቅጠል ጠቅልለው አምጥተዋል።

«አይሆንም፣ አሊንግ» አለ ቴዮፊሎ። «ይሄ ትኩስ ነው።»

«ስምንት ልጅ ያሳደገ እጅ ነው ይሄ። ዝም በልና ጥግህን ያዝ።»

ፌርሚን ዱላውን ይዞ ምድጃው አጠገብ ቆመ። ከድንኳኑ ንባቡ ይሰማል። ጠርዙን ቀና አደረገው፤ ቀጥ አለ። ቆየ። ቀና አደረገው፤ ትንሽ ጎበጠ። ቴዮፊሎ ሊያወራ ሲል ሉዲንግ በክርኗ ጎሸመችው። ሦስተኛ ጊዜ ጠርዙ ለሽ ብሎ ወደቀ።

«አሁን! ያዙ! እንዳትጎትቱት፣ ብቻ ያዙት!»

ሉሁ በአራት ሰው እጅ ወጣ። ሞቆ መሐሉ ረግቧል፣ ከመሬት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በፎርማው አናት ላይ ሲያወርዱት የአሊንግ ኮንሲንግ ጓንት ከጠርዙ ተንሸራተተ። የእሳቸው ጥግ መውደቅ ጀመረ። እዚያ ተጣጥፎ ከተጣበቀ አለቀ፤ ሦስተኛ ሉህ የለም። ቴዮፊሎ የራሱን ጥግ በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን ክንዱን፣ ጓንት የሌለበትን ክንዱን፣ ከሚወድቀው ጥግ ስር ዘረጋ። ሉሁ ክንዱ ላይ አረፈ። አልለቀቀም። አሊንግ ኮንሲንግ መልሰው እስኪይዙ ድረስ፣ ፌርሚን መሐሉን በጨርቅ እስኪጫነው ድረስ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

«ያዝ!» አለ ፌርሚን። «ያዝ፣ ያዝ... በቃ! ልቀቅ!»

ጉብታው እንከን የለውም። ፌርሚን ይህን ካየ በኋላ ነው የቴዮፊሎን ክንድ ያየው፤ ቆዳው ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልቷል። ሉዲንግ ወደ ውሃ በርሜሉ ጎተተችው።

«ዓሣ የምታገላብጠው ሚስቴ ይሄን ባየች» አለ ቴዮፊሎ እያቃሰተ። ፌርሚን ዘወር አለ። ሰውየው ያንን ቀን ያስታውሰው አያስታውሰው አላወቀም። ምናልባት ለሁሉም ሰው የሚናገረው ቀልድ ይሆናል።

ክዳኑን ከነፎርማው ወደ ሞቀው ምድጃ መልሰው አስገቡት፣ እሳቱን በጣም ዝቅ አደረጉት፣ ከዚያ አጥፍተው በሩን ዘግተው ምድጃውን ሁሉ በቴዮፊሎ ብርድ ልብሶች ጠቀለሉት። ቬንትሌተሮቹን ሉዲንግ አልጋ ስር ደብቃ ነበር። በተሸፈነው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ሩዙን በቅጠሉ በሉ። ፌርሚን ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት እንግዳ ተቀምጦ ሲበላ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ለቴዮፊሎ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ ሰጠው። ቴዮፊሎ ተቀብሎ በላው።

ዓርብ ጠዋት ብርድ ልብሱን ገለጡት። በዚህች ከተማ ዓርብ ስቅለት መዶሻ የሚያነሳ የለም፤ ጌታ በሚስማር የተመታበት ቀን ነው። ፌርሚን ክዳኑን በጋሪው ላይ ያለ አንዳች ሚስማር፣ ብሎኑን በጣቱ እያዞረ ገጠመው። አሊንግ ኮንሲንግ ጃንጥላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ክዳኑን በሽቶ የሚያብስ ሰው ቢመጣ በውሃ እንዲያብስ ሊነግሩት፣ እምቢ ካለም በጃንጥላው ሊያነጋግሩት ወስነዋል።

ግን አንድ ጃንጥላ ለስንት ሰው ይበቃል? አመሻሹ ላይ ጋሪው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲወጣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ተደፋበት። ከግራ አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ አቀፈች። ልጁ መሐረብ ይዟል። ሽታው እስከ ፌርሚን ደረሰ፤ ያ የድሮው ሽታ። አሊንግ ኮንሲንግ በሌላው ጎን ነበሩ። ልጁ መሐረቡን በክዳኑ ትከሻ ላይ፣ እዚያው በጣም በታጠፈበት ቦታ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ አሻሸው።

ፌርሚን ጆሮውን አቀና። በዚያ ሁሉ ጸሎትና ከበሮ መሐል ያንን ትንሿን ድምፅ ጠበቀ።

አልመጣችም። ሽቶው በንፋሱ ደረቀ። ክዳኑ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ቀረ፣ ከሥሩ የጌታ ፊት ይታያል። ሌላ መሐረብ መጣ፣ ሌላ ደግሞ። ምንም የለም። ፌርሚን አሊንግ ኮንሲንግን ፈለጋቸው፤ እሳቸውም እያዩት ነበር። ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁለት። እሱም ነቀነቀ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልመጣለትም፣ ግን እሱን ሳይቆጥብ ሰጣቸው።

ጋሪው በዳቦ ቤቱ ጥግ ሲታጠፍ አንድ የታወቀ ድምፅ ከሕዝቡ ውስጥ ወጣ። ቴዮፊሎ ነው። ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች እያዩለት ነው። የበረዶ ፋብሪካው ዘበኛም አለ።

«እዩት ይሄን ክንድ!» ይላል ቴዮፊሎ። «ይሄ ክንድ ባይኖር ጌታ ዛሬ ያለ ክዳን ነበር የሚወጣው! ፌርሚን አጥፎታል፣ እሺ፣ ማጠፉንስ አጠፈው። ግን ማን ያዘው? ማን ነው የያዘው? አንተ ፌርሚን፣ ና እስኪ፣ ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው! ውሸት ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ ፌርሚን ዞረ። ቴዮፊሎ ፋሻውን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፣ ፊቱ በላብና በደስታ ያበራል። ፌርሚን ያን ፋሻ አየው። ማታ ሉዲንግ ነበረች ያሰረችለት፤ ከፌርሚን ከራሱ የሠርግ ሸሚዝ ቀድዳ። ምላሱ ላይ ብዙ ነገር መጣ፤ ስለ እሳቱ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ሙያ፣ አንዳንዱ ጥሩ ነበር፣ ዘበኛውንም ያስቀው ነበር።

ቴዮፊሎ ያለው ግን ውሸት አልነበረም።

ለሰልፉ የያዘውን ሻማ ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ፣ ለሰዎቹ ቦታ ለቀቀና ጋሪውን ተከትሎ ሄደ።